ለፈተና የማይመጣ መጽሐፍ



ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ ዐስር ሰግደን ሻይ እየጠጣን ሳለ ከእኛ ከአዘጋጆቹ መካከል አንዷ እህታችን ቀላል የሚመስል ጥያቄ ጣል አደረገች። «ግቢ ከገባን ወዲህ ከኮርስ ውጭ ከዳር እስከ ዳር ያነበብነው መጽሐፍ ስንት ነው?» አለች። ሰባት ነበርን። ሁለታችን «አንድ» አልን። አራታችን ሳቅ ብለን ዝም አልን። ዘንድሮ የሚመረቀው ወንድማችን ግን አልሳቀም።

«ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በሰፈራችን አንድ መጽሐፍ ለአሥራ አንድ ልጅ ይዞር ነበር» አለን። «ተራዬ የደረሰ ቀን ሌሊቱን በኩራዝ ሳነብ አድሬ፣ ጠዋት አፍንጫዬ ጥላሸት እንደ ለበሰ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዛሬ መብራት አለኝ፣ ላይብረሪ አለኝ፣ ስልኬ ላይ ከ400 በላይ ፒዲኤፍ አለኝ። አንዱንም አልጨረስኩም። እኔን የሚያስፈራኝ ዲግሪውን ይዤ ማንበብ ግን ረስቼ መውጣቴ ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ አልለቀቀንም። ይህ ጽሑፍም የዚያ ጭንቀት ውጤት ነው። ስለ ንባብ ጥቅም ለመስበክ አልተነሣንም፤ እሱን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሰምተነዋል። የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ የንባብ ጣዕም እንዴት ይጠፋል? እንዴትስ ይመለሳል?

መቼ ነው የጠፋብን?

ግቢ ውስጥ አናነብም ብንል ውሸት ነው። እንዲያውም ሌላው ሰው ከሚያነበው በላይ እናነባለን። ሀንድአውት አለ፣ ስላይድ አለ፣ ሲኒየሮች ያወረሱን ያለፉ ዓመታት ፈተና አለ። ፋይናል ሲደርስ ሱብሒ ሰግደን በዚያው ላይብረሪ ቦታ ለመያዝ የምንሮጥ ብዙ ነን። ነገር ግን የምናነበውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፦ «ለፈተና ይመጣል?»

ይህን ጥያቄ ይዞ የሚያነብ ሰው የሚፈተንበትን ለቅሞ የቀረውን ይጥላል። ለፈተና ጊዜ ይህ ብልሃት ነው፤ አንነቅፈውም። ይሁን እንጂ ሦስትና አራት ዓመት እንዲህ ስናደርግ ዓይናችን ይለምደዋል። በእረፍት ጊዜ ታሪክ ወይም ልቦለድ ስንከፍት ዓይናችን እንደ ለመደው ትርጓሜና ነጥብ ይፈልጋል፤ ሲያጣ አምስተኛው ገጽ ላይ ይሰለቻል። እኛም «ንባብ አይሆነኝም» ብለን እንደመድማለን። የሰለቸው ግን ልባችን ሳይሆን ለፈተና የሠለጠነው ዓይናችን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ስልኩ ነው። እዚህ ላይ ብዙ አንልም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። መጽሐፍ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሰዎቹን እስክንለይ፣ አገሩን እስክንለምድ ድረስ ዋጋ ያስከፍላል። ስልኩ ግን ምንም ሳያስከፍል ወዲያው ይሰጣል። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ ስልኩ ያሸንፋል።

ሦስተኛው ብዙ የማንነጋገርበት ነው። ኮርስም ቂርአትም ያልሆነ መጽሐፍ ይዘን ስንቀመጥ ልባችን ይወቅሰናል። «ይህን ጊዜ ለሌላ ነገር ብታውለው አይሻልም?» ይለናል። ለደስታ ብቻ ማንበብ ጊዜ ማባከን ይመስለናል።

ደስታው ጊዜ ማባከን ነውን?

ይህን ወቀሳ አናቃልለውም። ጊዜ አማና ነው፤ በምን እንዳሳለፍነውም እንጠየቃለን። የሸሪዓ ብይን መስጠትም የእኛ ቦታ አይደለም፤ ለዚያ ዑለሞቻችን አሉልን። ሰላትን የሚያዘገይ ወይም ወደ ሐራም የሚጋብዝ መጽሐፍ እንኳን ለደስታ ለትምህርትም አይሆንም። ነገር ግን ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ዒልምን ከደስታ ለይተው ያነብቡ እንደነበር አድርገን ካሰብን ታሪካቸውን አላወቅነውም ማለት ነው።

አል-ጃሒዝን እንውሰድ። የበስራ ሰው ናቸው፤ ያረፉት በ255 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ868 ገደማ ነው። የድሃ ልጅ ስለነበሩ በወጣትነታቸው ዳቦና ዓሣ ይሸጡ ነበር ይባላል። መጽሐፍ በእጅ እየተገለበጠ በሚሸጥበት በዚያ ዘመን የመጽሐፍ ሻጮችን ሱቅ ይከራዩና እዚያው ሲያነቡ ያድሩ እንደነበር ኢብኑ ነዲም «አል-ፊህሪስት» በተባለው ሥራቸው መዝግበውታል። የመጽሐፍ ዋጋ ለሚያማርረን ለእኛ ይህ ትልቅ ማጽናኛ ነው፤ መጽሐፉን መግዛት ያልቻለ ሰው ሌሊቱን ይከራያል።

እኒሁ ሰው ከጻፏቸው መካከል «ኪታቡል ቡኸላእ» አንዱ ነው። ስለ ቆንቋና ሰዎች የሚያወራ፣ አንባቢን በሳቅ የሚያፈርስ መጽሐፍ ነው። ስለ እንስሳት በጻፉት በትልቁ «ኪታቡል ሐየዋን» ውስጥም ከቁም ነገር ወደ ቀልድ፣ ከአንዱ ወሬ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ ይህንም አንባቢ እንዳይሰለች ሆን ብለው እንደሚያደርጉት ራሳቸው ይገልጻሉ። የአንባቢን መሰልቸት እንደ ቁም ነገር ቆጥረው ያሰቡበት ሰው ነበሩ ማለት ነው።

እሳቸው ብቻ አይደሉም። ከዚያ ቀደም ብሎ ኢብኑል ሙቀፈዕ «ከሊላህ ወዲምናህ»ን ከፋርስ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ መልሰውት ነበር፤ አንበሳና በሬ፣ ቀበሮና ዝንጀሮ የሚነጋገሩበት፣ መሠረቱ ከህንድ የሆነ የተረት መጽሐፍ ነው። በአንዳሉስ ደግሞ ሐኪምና ፈላስፋ የነበሩት ኢብኑ ጡፈይል ሰው በሌለበት ደሴት ብቻውን ስላደገ ልጅ «ሐይ ኢብኑ የቅዛን»ን ጻፉ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1671 ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ብዙ አንባቢ አግኝቷል። ደረቅ ሐሳብ በታሪክ ሲነገር ልብ ውስጥ እንደሚቀር እነዚህ ሰዎች አውቀውታል።

ኢማም ኢብኑል ጀውዚ (597 ዓ.ሂ. ያረፉ) ደግሞ ገና ተማሪ ሳሉ 20 ሺህ ጥራዝ ያህል ማንበባቸውን ጽፈዋል። ከቁጥሩ ይልቅ እኛን የገረመን ሌላ ነው፤ ያላዩት መጽሐፍ ሲያገኙ የተደበቀ ሀብት ላይ የወደቁ ያህል ይደሰቱ እንደነበር መናገራቸው ነው። ያን ያህል ጥራዝ በግዴታ የሚያነብ ሰው የለም። የሚያስኬደው ፍቅር ነው።

የእጅጌው መጽሐፍ

«ጊዜ የለኝም» የሚለው ሁላችንም የምንለው ነው። ስለዚህ ጊዜ ያልነበረውን ሰው እንመልከት። አል-ፈትሕ ኢብኑ ኻቃን የዐባሲው ኸሊፋ የአል-ሙተወኪል የቅርብ ባለሟል ነበሩ። የቤተ መንግሥት ሥራ፣ እንግዳ፣ ወሬ፣ ሴራ የማያጣው ኑሮ ነበር የሚኖሩት። ስለ እሳቸው የሚተረከው እንዲህ ነው፦ በኸሊፋው ፊት ተቀምጠው ሳለ ጉዳይ ተነሥቶ ጨዋታው በተቋረጠ ቁጥር ከእጅጌያቸው ወይም ከጫማቸው ውስጥ መጽሐፍ አውጥተው፣ ጨዋታው እስኪቀጥል ድረስ ያነብባሉ።

እጅጌን ያህል ቅርብ ነገር የለም። የልማዱ ምሥጢር እዚህ ላይ ያለ ይመስለናል። አል-ፈትሕ ለንባብ ሰፊ ጊዜ እስኪያገኙ አልጠበቁም፤ መጽሐፉን ጥቂቷ ጊዜ የምትገኝበት ቦታ ላይ አስቀመጡት። በእኛ ዘመን እጅጌ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። የካፌ ሰልፍ ላይ፣ መምህሩ እስኪመጡ ድረስ፣ ታክሲ ስንጠብቅ እጃችን ወዴት ነው የሚሄደው? ቅርብ ወዳለው ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ቁርጠኝነታችን ሳይሆን በቦርሳችን የላይኛው ኪስ ያለው ነገር ነው።

ስሌቱን እንሥራው። በቀን 10 ገጽ ማንበብ ለአብዛኛው ሰው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። የፈተና ሰሞንና የጉዞ ቀን ተቀንሶ በዓመት 200 ቀን ብቻ ብናነብ 2,000 ገጽ ይሆናል። ይህ 250 ገጽ ያላቸው 8 መጻሕፍት ማለት ነው። በአራት ዓመት 32 መጻሕፍት ይሆናሉ። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ካለው ጊዜ ግማሹ እንኳ ለዚህ ይተርፋል። አንድም ሳያነብ የወጣ ተማሪና 32 መጽሐፍ አንብቦ የወጣ ተማሪ የሚለያዩት በዚህችው ግማሽ ሰዓት ነው።

በአንዳንድ ቀን አሥር ገጹም አይሆንም። ለዚያ ቀን ደግሞ የባግዳዱን ቃዲ ኢስማዒል ኢብኑ ኢስሓቅን እናስታውስ። ሰው ሊጠይቃቸው በገባ ቁጥር ወይ ሲያነብቡ፣ ወይ መጽሐፍ ሲያገላብጡ፣ ወይ አቧራውን ሲያራግፉ ያገኛቸው ነበር ይባላል። ማንበብ ያቃተው ሰው ያገላብጥ፤ ማገላበጥ ያቃተው አቧራውን ያራግፍ። ዋናው ከመጽሐፉ ጋር አለመቆራረጥ ነው።

ጥቂት መጽሐፍ፣ ደጋግሞ

የወንድማችን 400 ፒዲኤፍ ሌላም ነገር አስተምሮናል። ብዙ መያዝና ማንበብ አንድ አይደሉም። እንዲያውም ብዛቱ ራሱ ያደክማል፤ አንዱን ስንከፍት ሌላው ይሻል ይሆን እያልን እንዘዋወራለን።

በአገራችን የነበረው የቂርአት ሥርዓት ተቃራኒውን ያሳየናል። በወሎ እንደ ዳናና ጀማ ንጉሥ ባሉ የዒልም ማዕከላት ደረሳው ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ ይመጣል፤ በሸኹ ፊት ተቀምጦ አንዱን ኪታብ መስመር በመስመር ይቀራል፤ ማታ ሙጣለዓ ያደርጋል፣ ማለትም ለነገ የሚቀራውን ቀድሞ ያየዋል። ኪታቡን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በራሱ እጅ ገልብጦ ነበር። በሐረርም ኪታብ መጻፍና መጠረዝ የተከበረ ሙያ ነበር፤ ዛሬም በሐረር በሸሪፍ ሙዚየም የሚታዩት የእጅ ጽሑፎችና የቆዳ ጥራዞች ይመሰክራሉ። በእጁ የገለበጠውን ኪታብ ማንም በችኮላ አያነበውም። አንዱን ደጋግሞ ስለሚያነበው በስተርጅናም ከቃሉ አይጠፋም።

እኛ ኪታብ እንገልብጥ አንልም። ከዚህ ግን ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ መጽሐፍ፣ ቢበዛ ሁለት እንያዝ፤ የቀሩትን ፒዲኤፎች ከዓይናችን እንሰውር። ሁለተኛ፣ የወደድነውን መጽሐፍ ለመድገም አንፈር። በአሥራ አምስት ዓመታችን ያነበብነው መጽሐፍ በሃያ ሁለት ዓመታችን ሌላ መጽሐፍ ነው፤ ያኔ በልጁ ተናደን ነበር፣ አሁን አባትየው ያሳዝኑናል።

በተቃራኒው ደግሞ መጽሐፍ መተው ይፈቀዳል። ሃምሳ ገጽ ታግለን ካልገባን አስቀምጠን ሌላ እንያዝ። የኮርስ መጽሐፍ አይተውም፤ ይህኛው ግን በፈቃዳችን የያዝነው ነው። አንድ የማይጥም መጽሐፍ «እጨርሳለሁ» ብለው ይዘው ስድስት ወር ሙሉ ሌላ ሳያነቡ የቀሩ ሰዎች ከአዘጋጆቹ መካከል አሉ።

በምን ቋንቋ?

ብዙዎቻችን እንግሊዝኛን የምናውቀው በኮርስ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስንከፍት ፈተናው አብሮ ይከፈታል። ጣዕሙ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ በአፉ በፈታበት ቋንቋ ይመለስ እንላለን፤ በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛም ይሁን በሌላ። ሳቁ ሳይተረጎም የሚያስቀን፣ ስድቡ ሳይብራራ የሚገባን በዚያ ነው።

የባዕዱን ቋንቋ መድፈር የሚፈልግ ደግሞ ማልኮም ኤክስን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እስር ቤት ሳለ መጽሐፍ ሲከፍት አብዛኛውን ቃል አያውቀውም ነበር። መዝገበ ቃላት ወስዶ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በእጁ መገልበጥ ያዘ። በኋላ መብራት ሲጠፋ በኮሪደሩ ብርሃን ወለል ላይ ተቀምጦ ያነብብ ነበር፤ ዘበኛው በየሰዓቱ ሲያልፍ አልጋው ላይ ዘሎ የተኛ ይመስላል። ይህ ከዶርማችን ሕይወት ብዙም አይርቅም። ዓይኑ የተጎዳው በዚያ መብራት መሆኑንም መናገሩን ግን አንርሳ፤ በደህና ብርሃን እናንብብ።

የመዋዋስ አደብ

ሁላችንም መጽሐፍ የመግዛት አቅም የለንም፤ ስለዚህ መዋዋስ ግዴታችን ነው። መዋዋስን የሚገድለው ደግሞ የማይመለስ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1333 ያረፉት ቃዲ ኢብኑ ጀማዓ ስለ መምህርና ተማሪ አደብ በጻፉት ኪታብ ውስጥ ለመጽሐፍ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥተውታል። ለሚጠነቀቅ ሰው ማዋስ የተወደደ ነው ይላሉ፤ የተዋሰም ጉዳዩን ከጨረሰ ሳይዘገይ ይመልስ፣ ባለቤቱን ሳያስፈቅድም ዳር ላይ አይጻፍበት። መጽሐፉን ትራስ፣ ማራገቢያ፣ የወረቀት ማኖሪያ ማድረግ፣ የገጹን ጫፍ ማጠፍ፣ ትኋን መግደያ ማድረግም ነውር መሆኑን ይዘረዝራሉ። ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ ቀድመው የእኛን ዶርም ያዩት ይመስላል!

እኛም ይህን ይዘን አንድ ሙከራ ጀምረናል። ሰባታችንም የምንወደውን አንድ አንድ መጽሐፍ አምጥተን በካርቶን አስቀመጥን። አንድ ደብተር አለ፤ የወሰደ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል። ቅጣት የለም፣ ክፍያም የለም። መጽሐፉን ሲመልስ ግን አንድ ግዴታ አለበት፦ ከመጽሐፉ ውስጥ የወደደውን አንድ ነገር ለሚቀጥለው ሰው በቃሉ ይነግረዋል። ከወሬ የበለጠ መጽሐፍን የሚያስነብብ ነገር አላየንም።

«ለፈተና የማይመጣ ነገር አንብብልኝ»

ወደ ተመራቂው ወንድማችን እንመለስ። ዶርሙ ውስጥ ዓይነ ስውር የሆነ የሕግ ተማሪ አለ። ወንድማችን ሁለት ዓመት ሙሉ ሀንድአውት ያነብለታል፤ ይህን ከብዙዎቻችሁ ስለምታደርጉት ታውቁታላችሁ። ያ የሻይ ወሬ በሆነ በሳምንቱ ማታ ላይ አንድ ምዕራፍ አንብቦለት ሲጨርስ ልጁ እንዲህ አለው፦ «ወንድሜ፣ አላህ ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሁለት ዓመት ያነበብክልኝ ሁሉ የምፈተንበትን ነው። አንድ ቀን እንኳ ለፈተና የማይመጣ ነገር አንብብልኝ።»

ወንድማችን ከካርቶናችን ውስጥ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወስዶ ጀመረለት። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ያዳመጠው ነው፤ ድምፅ እንደሚወድ የታወቀ መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው ማታ ሃያ ደቂቃ አነበበ። በሦስተኛው ማታ ሌሎቹ የዶርም ልጆች የጆሮ ማዳመጫቸውን አውልቀው ማዳመጥ ጀመሩ። በሁለተኛው ሳምንት ወንድማችን ራሱን አንድ ነገር ሲያደርግ ያዘው፤ ልጁ እንቅልፍ ወስዶት ሳለ እሱ ድምፁን ቀንሶ ማንበቡን ቀጥሏል። ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ቸኩሎ ነው።

«ከዘጠነኛ ክፍል በኋላ እንዲህ ሆኜ አላውቅም» ብሎናል። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ ገና አልጨረሱትም። ከምረቃው በፊት ለመጨረስ ግን ተማምለዋል፤ ኢንሻአላህ ይጨርሱታል።

ውድ እህቶችና ወንድሞች! ከእናንተ የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ይህን ሳምንት አንድ መጽሐፍ ምረጡ፤ ማንም የማይፈትናችሁን። በቦርሳችሁ የላይኛው ኪስ አስቀምጡት። ሰልፍ ላይ ስትቆሙ እጃችሁ መጀመሪያ እሱን ያግኝ። ካነበባችሁት የወደዳችሁትን ለአንድ ሰው ንገሩ፤ በአጠገባችሁ ማንበብ የማይችል ሰው ካለ ደግሞ ድምፃችሁን አውሱት። ካርቶናችን አሁን 23 መጽሐፍ ደርሷል፤ ለሃያ አራተኛው ቦታ አለው።